ሃምሳ አልጋ እና የታናሿ ሊጥ

በየቤተሰቡ ሰው ሥራ ይዞ ማየት የማይችል አንድ ሰው አለ። "እኛ ቤት የለም" የሚል ካለ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ነው። ስለ ሰነፍ ብዙ ተብሏል፤ ሰነፍ ግን ቢያንስ ተኝቶ ያስተኛል። ይህኛው መድኃኒት የለውም። ሽንኩርት ስትከትፉ ከኋላችሁ ይመጣል፤ ትንሽ ቆሞ ያያል፤ በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ "እስቲ ወዲህ በለው" ይላል። በቃ፣ ቢላዋው ከእጃችሁ ወጣ። ሽንኩርቱም የእናንተ መሆኑ ቀረ። እናንተ እዚያው ቆማችሁ፣ በገዛ ቤታችሁ እንግዳ ሆናችሁ፣ ዓይናችሁ ብቻ ያነባል።

ከዚህ ወገን ሁሉ የበላይ የሆኑት ክብርት ሃምሳ አልጋ ናቸው።

ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ሆስፒታል ማዕድ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ያበሰሉትም ሁልጊዜ ለሃምሳ አልጋ ነው። ከዚያ በታች ምግብ መኖሩን አያውቁም። ለራሳቸው ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ ማንቆርቆሪያ ስለማይበቃቸው ድስት ይጥዳሉ። ሰውንም የሚያስታውሱት በስሙ ሳይሆን በተኛበት ቦታ ነው። "ያ በር ሥር የነበረው ኩላሊት ልጁን ዳረ አሉ" ይላሉ፤ ሰሚው ግራ ይጋባል፤ እሳቸው ስለ ኩላሊቱ አማች ያወራሉ። ጨው ደግሞ ደመኛቸው ነው። አንድ ሐኪም ድሮ "ጨው ቀንሱ" ብሎ አልፎ ነበር። እሳቸው ቃሉን ተቀብለው ሲቀንሱ፣ ሲቀንሱ፣ የሚቀነስ ነገር ጠፋ።

የዘመድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ ቢላዋ ስታነሳ ከወንበራቸው ተነሱ። "እስቲ ወዲህ በይው፤ በዚህ አያያዝሽ የኋለኛው ጠረጴዛ ጦሙን ማደሩ ነው" አሉ። ዛሬም በፎቶው ላይ ሙሽሮቹ እጃቸውን አጣምረው ዳር ቆመዋል፤ ኬኩን የሚቆርሱት ክብርትነታቸው ናቸው፤ ያላወቀ ሰው የተዳሩት እሳቸው ይመስሉታል። ቀብር ላይም ከቀባሪው እጅ አካፋ መቀበላቸውን የሚናገሩ አሉ፤ እኔ አላየሁም፤ አልጠራጠርም ግን። መብራት ሠሪ ቤት የመጣ ቀን ደግሞ ፒንሳውን አስረክቦ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ጥግ ይዞ ቆመ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሲሆን "ድሮም የሱ አሠራር ልክ አልነበረም" ተባለ።

ጡረታ ሲወጡ የሆስፒታሉን ግቢ ቤት ለቀው ታናሽ እህታቸው ዘንድ ገቡ። "ለጥቂት ቀን ነው" ብለው ነበር። ጥቂት ቀን ማለት ለእሳቸው እንደ ጥቂት ሊጥ ነው፤ አያውቁትም።

ታናሿ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ስታይ ኖራ ዓይኗ ደክሟል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ይህን አለቃዋ እንዳያይ ትጠነቀቃለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አግብታ ሄዳለች። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ከሰው ጋር መከራከር ሲመጣ ጉሮሮዋ የሚደርቅ ሴት ናት።

እንዲህ ያደረጋት ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጓት ታላቅ እህቷ ናቸው፤ ለዚህ ውለታ ቃል አይገኝለትም። ነገር ግን ፊደል ስትለማመድ እርሳሱን ከእጇ ወስደው የቤት ሥራዋን የጨረሱላትም እሳቸው ናቸው። መምህሩ "ጽሕፈትሽ የትልቅ ሰው ነው" ብሎ አመሰገናት፤ በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፊ ሲላት ክፍሉ ሳቀ። "አንቺ ለስፌት ነሽ" ብለው ሙያዋን መረጡላት። ባሏን እንኳ መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ምርጫው የሷ አልነበረም።

ስለዚህ ሊጡን ስታገኝ፣ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን የግል ንብረት ያገኘች ያህል ተሰማት።

ያገኘችው ከስልክ ላይ ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ትንንሽ ፒዛ የምትሠራ ሴት አየች። ሊጡ የሚያድር አይደለም፤ የቲማቲሙ ስልስ እስኪበስል ይደርሳል። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ስኳርና ደረቅ እርሾ ትበትናለች፤ እርሾው አረፋ ደፍቶ ሲነሳ ዱቄት፣ ዘይትና ጨው ትጨምራለች፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው፣ እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ታሸዋለች። ከዚያ በፎጣ ሸፍና ትተወዋለች። ሲያብጥ እንደ ሎሚ እያድቦለቦለች በመዳመጫ ትዳምጠዋለች። ግማሹን ስልስና ቺዝ አድርጋ ክፍቱን ትጋግረዋለች፤ ግማሹን ደግሞ ውስጡን ሞልታ ታጥፈዋለች፤ ካልዞኔ የሚሉት ነው። ጠርዙን በሹካ ጥርስ ትጫነዋለች፤ እንፋሎቱ እንዳያፈነዳው ጀርባውን አንዴ ትወጋዋለች።

ታናሿ መጀመሪያ አበላሸች። ውሃው በጣም ሞቆ እርሾውን ገደለው። ቀጥሎ ጠርዙ ተከፈተ። ደጋግማ ስታበላሽ ማንም አላያትም፤ ማንም አላረማትም፤ ይህ ራሱ አስደሰታት። በመጨረሻ ያቺ ጨርቅ ላይ የደከመች እጅ ሊጥ ላይ ብርቱ ሆና ተገኘች። ወደ ሥራ ይዛ ስትሄድ ሰፊዎቹ ተሻሙባት። የአንዷ ሰፊ ዘመድ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሻይ ክበብ ኃላፊ ነበረች፤ ወሬው ደረሳት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤት መጥቼ እቀምሳለሁ፣ የሚሠራበትንም ቦታ አያለሁ፣ ከወደድኩት በየጠዋቱ ታቀርቢያለሽ አለች። ታናሿ በዚያ ምሽት ዩኒፎርም ሳይሆን ሊጥ እያየች ዓይኗ ሳይደክም የምታረጅበትን ኑሮ አሰበች። አልጋዋ ላይ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ይህ ሁሉ የሆነው ክብርትነታቸው ከመግባታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ቅዳሜው ሳይደርስ እሳቸው ደረሱ።

ሊጡን መጀመሪያ ያዩት ቀን ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አጎንብሰው፣ ሕፃን እንደሚያይ ሐኪም ፊታቸውን አጠቆሩ።

"ይቺ ለማን ናት? ለየትኛው አልጋ?"

ለእኛ ለሁለታችን ነው አለች ታናሿ። እሳቸው እንዳዘነ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እስቲ ወዲህ በይው" አሉ። ዱቄት ጨመሩ። ዱቄቱ ሲበዛ ውሃ ጨመሩ። ውሃው ሲበዛ ዱቄት። ሊጡ ከሳህኑ ወደ ድስት፣ ከድስቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተዛወረ። ጨው የሚባል አልነካውም። ያን ሳምንት ቁርስ፣ ምሳና ራት ፒዛ ሆነ፤ ለጎረቤት ተላከ፤ የጎረቤት ጎረቤት ደረሰው። ሰፈርተኛው ተቀብሎ ያመሰግናል፤ በር ዘግቶ ይጨውበታል። አንዱ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ታናሿን መንገድ ላይ አግኝቷት በቤታችሁ የታመመ አለ እንዴ ብሎ ጠየቃት።

ተደብቃ ለመሥራት ሞከረች። የክብርትነታቸው ጆሮ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ አይሰሙም፤ የዱቄት ከረጢት ሲፈታ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ገላቸውን ሲታጠቡ ጠብቃ ብትጀምር ሳሙና ጆሯቸው ላይ እንዳለ ብቅ ይላሉ። "ሆስፒታል ሳለሁ" ይጀምራሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሊጡ እጃቸው ላይ ነው።

ዓርብ ዕለት ታናሿ ወኔዋን ሰብስባ ለመነቻቸው። ነገ የሚመጣው ሰው ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዚያ አዳራሽ የምወጣበት ነው፣ እባክዎ ነገ ብቻ አይንኩብኝ አለች። ክብርትነታቸው ከልባቸው ተገረሙ።

"እኔ? እኔ ምን አገባኝ የኔ ልጅ።"

ይህን ሲሉ እየዋሹ አልነበረም። የዚህ ወገን ሰው እንደማይነካ ሲምል በእውነት ያምናል፤ መከራው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊጡ አምሮ ተነሳ። ታናሿ አድቦልቡላ፣ ፓትራ ላይ ደርድራ፣ በፎጣ ሸፈነችው። የቀራት ቺዝ ነበር፤ ትኩስ እንዲሆን ብላ ያን ዕለት ልትገዛ ነው ያሰበችው። እትዬን ሳሎን አስቀምጣ፣ ሬዲዮ ከፍታላቸው፣ ወደ ሱቅ ሮጠች።

ስትመለስ ሬዲዮው ለራሱ ያወራል። ማዕድ ቤት ስትገባ ያድቦለቦለችው ሁሉ ተመልሶ አንድ ሆኗል፤ ትልቅ፣ ነጭ፣ የታመመ ሰው ሆድ የመሰለ ሊጥ። ክብርትነታቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ግንባራቸው ዱቄት ለብሶ፣ ካልዞኔ ያጥፋሉ። ውስጡን የተቀቀለ ድንችና ካሮት ሞልተውታል። ሠራተኛ ሰው ሆዱ ካልሞላ ምን ይሠራል አሉ፤ አመስግኚኝ በሚል ዓይንም አዩዋት። እንደ አዲስ ለማቡካት ጊዜ አልነበረም። በሩ ተንኳኳ።

የክበቡ ኃላፊ ቀልጣፋ፣ ቁጥብ ሴት ናት። ክብርትነታቸው በር ላይ ተቀብለው አስቀመጧት፤ ያስቀመጧት መስኮት አጠገብ ነው፤ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አይተው "ደም አንሶሻል" አሏት። ኦቨኑ ውስጥ ደግሞ ካልዞኔዎቹ ከመጠን በላይ ስለበሉ አንድ በአንድ ይፈነዳሉ፤ ጷ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ጷ ይላል። ታናሿ ከፈነዱት መሃል የተሻለውን መርጣ አቀረበች። እንግዳዋ ቆረሰች፤ አኘከች።

ጨው የለውም እንዴ ብላ በትሕትና ጠየቀች።

ክብርትነታቸው ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወንበራቸውን አስጠጉ። ስለ ደም ግፊት ተናገሩ። በመስኮቱ በኩል ተኝቶ ስለነበረው ልብ፣ ጨው በድብቅ እያስገባ ስለሞተው ሳንባ ተናገሩ። እንግዳዋ የያዘችውን ቁራሽ ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፤ ቦርሳዋን አነሳች፤ እደውላለሁ ብላ ሄደች። እደውላለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል።

በሩ ሲዘጋ ክብርትነታቸው "ደግ ሴት ናት፤ ብቻ ምግብ አታውቅም" አሉ።

ታናሿ ሳህኑን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። ጉሮሮዋ ያን ቀን አልደረቀም።

"እትዬ፣ ይሄ የኔ ነበር።"

"ያንቺስ የኔስ ምን ልዩነት አለው?"

"ለእርስዎ የለውም። ለእርስዎ ኖሮ አያውቅም።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ጮሃ ቢሆን ይሻል ነበር። ክብርትነታቸው ከጣታቸው ላይ ሊጥ እየላጡ ቆሙ። ከዚያ ገብተው ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው፣ እጅ የሚፈልግ ቤት አላጣም ብለው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ታናሿ አልከለከለችም። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘችም።

ሰኞ ወደ ክበቡ ደውላ፣ ላብ እያጠመቃት፣ አንድ ዕድል ብቻ ብላ ለመነች። በራሷ እጅ አቡክታ ወሰደች። ኃላፊዋ አንዱን በልታ ሁለተኛውን በወረቀት ጠቅልላ ለራሷ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አላስፈለገም። ታናሿ የስፌቱን አዳራሽ ተሰናበተች። በየጠዋቱ ዱቄቷን ትነፋለች፤ ሊጧን ታሻለች፤ ፎጣዋን ታለብሳለች፤ ማንም ከኋላዋ ቆሞ በአፍንጫው አይተነፍስም።

እህቷ ናፈቋት ብል እዋሻለሁ። አልናፈቋትም። በልታ ጠገበች፤ ተኝታ አደረች። ለክበቡ ሠራተኞችም የእህቷን ታሪክ ታጫውታቸው ጀመር። ያቺ ዓይናፋር ሴት ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን ሰብራ፣ "ይቺ ለየትኛው አልጋ ናት?" ስትል ሰው በሳቅ ይወድቃል። በዕድሜዋ ሰው አስቃ አታውቅም ነበር፤ ጣፈጣት። መራራ ነገር ሲቆይ እንዲህ ይጣፍጣል።

ከዚያ የወንድሟ ሚስት ደወለች።

ይህች ሴት ከሰላምታ በፊት የምትስቅ ናት። አንቺስ እንዴት ችለሽ ኖርሽ አለች። ያን ሁሉ ወጥ ማን ይጨርሰው፤ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ፤ አሁንማ ዘዴ አግኝተናል፣ አብስለን ስንወጣ ማዕድ ቤቱን እንቆልፈዋለን አለች። ልጆቹ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ እህትሽን እያስመሰሉ ሰዉን በሳቅ ይገድሉታል፤ ፊቷ ላይ ነው እኮ፣ እሷም አብራ ትስቃለች መሰለሽ፣ አለች።

የተነገረው ሁሉ ታናሿ ራሷ ለሰው ስትናገረው የነበረ ነው። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ታዲያ ፊቷ ለምን እንደጋለ እሷም አላወቀችም። ሥጋ መጥፎ ነው፤ የራስን ሰው ማማት ለራስ ብቻ የተፈቀደ ይመስለናል፤ ሌላው አፉን ሲከፍት ስድብ ይሆናል።

"ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?" አለች።

"ምኑ?"

"የማዕድ ቤቱ።"

እሁድ ሄደች። መንገድ ላይ የምትለውን አዘጋጅታለች። እትዬ፣ ቤት ይመለሳሉ፣ ግን ሊጡን አይነኩም፤ ሊጡ የኔ እንጀራ ነው፤ ይህን ካልማሉልኝ አልወስድዎትም። አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ አጠናችው።

ክብርትነታቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታናሿን ሲያዩ ለመነሳት ሞከሩና ተውት። እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፤ የሌላ ሰው እጅ በአደራ የተቀበሉ ይመስላሉ፤ የት እንደሚያደርጓቸው አያውቁም። ታናሿ ያን ሰፊ መዳፍ ሥራ ሳይዝ አይታው አታውቅም ነበር። ቶሎ ብላ ዓይኗን አነሳች።

የወንድሟን ሚስት ፒዛ ልሠራላችሁ ነው ብላ ቁልፉን ተቀበለች። በሩን ከፈተች። ዱቄቱን አወረደች፤ እርሾ ይዛ መጥታ ነበር፤ ውሃውን በጣቷ ለክታ ጀመረች። ክብርትነታቸው እስከ ደጃፉ መጥተው ቆሙ። ደፉን አላለፉም። አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ በአፍንጫቸው አይተነፍሱም፤ ትንፋሻቸውን ውጠውታል። ታናሿ ይህን መቻል አቃታት።

ከሳህኑ ፊት ገለል አለች።

ክብርትነታቸው ሳህኑን አዩ፤ እሷን አዩ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ፣ ለስንት ሰው ነው ብለው ጠየቁ።

"ለሃምሳ አልጋ" አለች ታናሿ።

የዚያ ቤት ዱቄት አለቀ። የነበረው በሙሉ። ሳፋ ሞላ፤ ባልዲ ሞላ፤ የወንድሟ ሚስት ለእንግዳ ብቻ የምታወጣው ትልቁ ሳህን ሳይቀር ሊጥ ተቦካበት። እሷ በር ላይ ቆማ ኧረ ይበቃል፣ ኧረ ማን ይበላዋል ትላለች፤ ልጆቿ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ የሚስቅ አልነበረም። ክብርትነታቸው በሁለት እጃቸው ሊጡን እየጨበጡ፣ እያነሱ፣ እየጣሉ፣ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጡት። ታናሿ አጠገባቸው ሆና ጠርዙን በሹካ ትጫናለች። የጨው ዕቃው ክዳኑ ሳይነሳ ዋለ።

ማምሻውን ሻንጣውን ይዘው አብረው ወጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ክብርትነታቸው መዳፋቸው ላይ የደረቀውን ሊጥ እየፈቀፈቁ፣ ሹካውን አጠንክረሽ አትጫኚም፣ ለዚህ ነው የሚከፈትብሽ አሉ። ደግሞ ያቺ የክበብ ሴትዮ፣ ደም ያነሳት፣ እንዴት ሆነች ብለው ጠየቁ።

ታናሿ ያጠናችውን ልትናገር አፏን ከፈተች።

"ምነው?" አሉ።

"ምንም።"

ነገ ሰኞ ነው፤ ለክበቡ የሚቀርብ አለ። ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ነገ ጠዋት ሊጡን ማን እንደሚያቦካው እያወቀች፣ እህቷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።